ማማው ላይ የቀረችው

በአሜሪካ አገር ኮሎራዶ በሚባለው ተራራማ ግዛት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ደውላ አንድ ጉድ አጫወተችኝ። ድብ ሌሊት ግቢዋ ገብቶ፣ የቆሻሻ በርሜሏን ገልብጦ፣ የልጆቿን የምሳ ትራፊ ሲለቃቅም አድሮ፣ ሲነጋ ጭቃ እግሩን በረንዳው ላይ አትሞ ሄደ። ፖሊስ አልተጠራም፤ ጥይትም አልተተኮሰም። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ደንብ አለ፦ በርሜልህን ቆልፍ፣ የተረፈ ምግብ ውጭ አታሳድር፤ ድብ የሰው ምግብ ከለመደ በመጨረሻ የሚሞተው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ «እናንተ እንኳ ታድላችሁ፤ ድብ የለባችሁ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ድብ የለም። በአፍሪካ ምድር ድብ ይገኝ የነበረው በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች ሲሆን፣ እሱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቷል። እኔ ድብን ያወቅሁት በየኔታ አፍ ነው። ዳዊት ጎልያድን ከመግጠሙ በፊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ እንደገደለ ሲተርኩልን ሰምቼ፣ ቤት ገብቼ አያቴን «ድብ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። አያቴ ጥጧን ሳትለቅ፣ «ጅብ ማለታቸው ነው ልጄ፤ የኔታ የፊት ጥርሳቸው ስለወለቀ ነው» አለችኝ። እስከ ብዙ ጊዜ ድረስ ዳዊት የገደለው ጅብ ይመስለኝ ነበር። ያገራችን እረኛ ሁሉ ከዳዊት እንደማያንስም አምን ነበር።

ድብ ባይኖረንም ጎረቤት አላጣንም። የተወለድኩት ላይ ጋይንት ነው፤ ከንፋስ መውጫ ከተማ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ፣ በጉና ተራራ በኩል። ጉናን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ፋርጣን፣ እስቴንና ላይ ጋይንትን የሚያዋስን ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውኃ ግን ከፊሉ ወደ ተከዜ፣ ከፊሉ ወደ በሽሎ ይነጉዳል። ከላይ ጓሳና ጅባራ፣ ዝቅ ሲል አስታ፣ ከዚያ በታች ገብስና ድንች፣ ከገብሱ በታች ደግሞ ገደል ነው። የእኛ ቤት ከገብሱና ከገደሉ መካከል ነበረች።

ጎረቤቶቻችንን በሰዓት ልንገራችሁ። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቅ ጭላዳ ከአደረበት ዋሻና ንጣፍ ድንጋይ ተነሥቶ ወደ ሜዳው ይወጣል። ረፋድ ላይ ሽኮኮ አለቱ ላይ ተሰጥቶ ይሞቃል፤ ጭልፊት ጫጩት ትቃኛለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሚዳቋ ከቁጥቋጦው ብቅ ትላለች። ሲመሽ ጃርት ድንቹን ሊቆፍር፣ ሸለምጥማጥ ዶሮዋን ሊጎበኝ፣ ጅብ የቀረውን ሁሉ ሊያይ ይመጣል። ነብር ሰዓት የለውም። እሱን ሳታየው ያይሃል፤ «ነብር አየኝ በል» የተባለውም ለዚህ ይመስለኛል። ስማዳ ቆላው ውስጥ፣ በሽሎ ዳር ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ ባለ ጋራቸው ዝንጀሮ ነው፤ ማሽላቸው ላይ ነው የሚፋረዱት። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ስንገናኝ ትልልቆቹ የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ አውሬ ነበር። ግብርም ሦስተኛ ይሆናል።

የጅቡን ላስቀድም። ያን ዓመት ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ከስማዳ ከወገዳ ገበያ የተገዛች አንዲት አህያ ነበረችን። የጋጡ በር ተሰብሮ አባቴ ነገ እጠግነዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እጠግነዋለሁ ሲል፣ አንድ ሌሊት ጅብ ገባና ጎትቶ አወጣት። ውሻችን የጮኸው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት እኛ ቤት በቁሙ ተፈጸመ። ሲነጋ ከግቢው ጥግ ያገኘነው ሰኮናና ደም የነካው ሣር ብቻ ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። እንስራዋን አንሥታ፣ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ «እንግዲህ አህያዋ እኔ ነኝ» አለችና ወደ ምንጭ ወረደች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሌላ አህያ እስክንገዛ ድረስ፣ ውኃውም እንጨቱም ወፍጮ የሚሄደው እህልም በእሷ ጀርባ ሆነ። ጅብ አህያ በላ ሲባል የከተማ ሰው የሚታየው የእንስሳ ሞት ነው። እኔ የሚታየኝ የእናቴ ጀርባ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አነበብኩ። ተመራማሪዎቹ በትግራይ ከጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ፣ በውስጡ ያለውን ፀጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ለዩ። በጾሙ 55 ቀናት ሰው ሥጋ ስለማያርድ ጅቡ ከየመንደሩ ዳር የሚለቅመው አጥንትና ቆዳ ይቀንስበታል፤ በዚያ ወቅት በኩሱ ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ለካስ እኛ ስንጾም ጅቡ አይጾምም፤ የኛን ጾም በአህያችን ያካክሰዋል። እናቴ አንብባው ባታውቅም፣ «በሁዳዴ በር አጥብቅ» ትል የነበረው ከዚህ ዕውቀት የተነሣ ነው። አባቴ በሩን ሳያጠብቅ የቀረባት አንድ ሁዳዴ ሁለት ዓመት አሸከመቻት።

ነብሩ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ከገደሉ ሥር አንድ ነብር ነበረ። በዓመት አንድ ሁለት ውሻና ጥቂት በግ ይወስድብን ነበር። አንድ ጎረምሳ አድፍጦ ገደለውና ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ ጠላው ሳምንት አልፎ አላልቅ አለ። እኛ ሕፃናትም ቆዳውን እየነካን ተደሰትን። ደስታው ግን አልቆየም። ነብሩ ሳለ ጭላዳ ከገደሉ አፍ ብዙም ሳይርቅ ነበር የሚግጠው፤ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ነብሩ ከሞተ በኋላ ዓመት ሳይሞላ መንጋው እስከ ቤታችን ጀርባ ደረሰ። ያን ጊዜ ነገሩን ያገጣጠመው ሰው አልነበረም። ያገጣጠመችው አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ናት። እሷም የዚህ ጽሑፍ ባለቤት የሆነችው እህቴ ናት።

እኔ የተወለድኩት በ1977 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በጋይንትም ሆነ በመላው ሰሜን ምን ዓመት እንደነበረ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። አባቴ ከዚያ ድርቅ የወጣው አንዲት እፍኝ ገብስ ምን ማለት እንደሆነች ተምሮ ነው። በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትምህርት ቤት የምንገባበት ጊዜ ሲደርስ፣ እኔ ስምንት፣ እታለም ደግሞ አሥር ዓመታችን ነበር። ታናናሾቻችን ገና ይድሁ ነበር። ችግሩ ይህ ነው፦ ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ነው፤ ገብሱ ማሸት የሚጀምረውም መስከረም ነው። ከዚያ እስከ ኅዳር አጨዳ ድረስ ጎሕ ሲቀድ ማማው ላይ የሚወጣ፣ ጀንበር ስትጠልቅ የሚወርድ ሰው የግድ ያስፈልጋል። አባቴ ጉልበቱን ሥራ ይፈልገዋል፤ እናቴ ውኃና እንጨት ትሸከማለች። ከሁለታችን አንዳችን ልንቀር ግድ ሆነ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የሰጠው ምክንያትም በዚያን ጊዜ ለሁላችንም ትክክል ነበር። «እሷ ወንጭፍ አትስትም፤ እሱ ግን ገብሱን ራሱን ነው የሚመታው። እሱ ይማር» አለ። እውነት ነው፤ እታለም በወንጭፍ የመታችውን አትስትም ነበር። እኔ ግን ለማማ የማልረባ ስለነበርኩ ትምህርት ቤት ተላክሁ። ይህን ነገር እስካሁን ስም አላገኘሁለትም። ሰው ባለው ችሎታ የሚቀጣበት፣ በሌለው ችሎታ የሚሸለምበት አሠራር ምን ይባላል?

ማታ ማታ ከማማው ወርዳ እግሯን ከታጠበች በኋላ «ዛሬ ምን አስተማሩህ?» ትለኝ ነበር። ከሰል አንሥቼ በጋጡ ግድግዳ ላይ እጽፍላታለሁ። «ሀ» አልኳት፤ በማግሥቱ እኔ የረሳሁትን እሷ ታስታውሰኛለች። «ለ»፣ «ሐ»፣ «መ»... እንዲህ እያልን «ቀ» ደረስን። «ቀ» ላይ አጨዳ መጣ፤ ቀጥሎ አውድማ፤ ቀጥሎ የአውድማው ጠላ። ግድግዳው ለገና በእበት ተለሰነና ፊደሉም አብሮ ተለሰነ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላስታወስኳትም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ተዳረች። የተዳረችበት ቤት ከእኛ ቤት አንድ ሸንተረር ማዶ ነው፤ ያው ገደል፣ ያው ጭላዳ፣ ሌላ ማማ።

እኔ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ገባሁ። የአዲስ አበባ ሰው ሆንኩና ከመጻሕፍት ጭላዳን እንደ አዲስ ተዋወቅሁት። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም እንደማይገኝ፣ በአፍሪካ ከተሠራጨው ከዚያ ጥንታዊ ወገን የተረፈው እሱ ብቻ መሆኑን፣ ሣር ግጦ የሚኖር ዝንጀሮ ከእሱ በቀር እንደሌለ፣ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ዓለም እንዳስተዋወቀው አነበብኩ። ሰሜን ተራሮች ሄጄ ደግሞ ፈረንጆች ሣሩ ላይ ተንበርክከው፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ፎቶ ሲያነሡ አየሁ። ኩራት ተሰማኝ። የኛ ነው ለማለት ቃጣኝ።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አገር ቤት ስሄድ ይህን ሁሉ ይዤላት ሄድኩ። እታለም ማማዋ ላይ ነበረች። ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ስለ ብርቅነቱ፣ ስለ ቅርስነቱ፣ ስለ ዓለም አድናቆት አንድ በአንድ ነገርኳት። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደል እንደሚከለክልም ጨመርኩላት። ዐይኗን ከገብሱ ሳታነሣ እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ «ወንድም ዓለም፣ የምትለኝ እነዚያን የኔን ፊደል የበሉትን ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ቁጣም አልነበረባት። ወንጭፏን አንሥታ ከመንጋው ፊት ለፊት ያለ ድንጋይ በድንጋይ መታች። ጭላዳዎቹ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «እንዲህ ነው የምንነጋገር። እኔ አልመታቸውም፤ እነሱም ዳሩን እንጂ መካከሉን አይነኩ» አለችኝ።

ቀጥላ የነገረችኝን ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል። እያንዳንዱን በስም ታውቃለች። ጎፈሩ ትከሻው ላይ የወረደው «ሻለቃ» ይባላል፤ ከሻለቃ በፊት የነበረውም ሌላ ሻለቃ ነበረ፤ ጎረምሶች ተባብረው ሻሩት። «መንግሥት ሲለወጥ የሚጎዱት ሴቶቹ ናቸው» አለችኝ። «እንዴት?» ብላት፣ «አዲስ ጎረምሳ መንጋውን ከያዘ ጡት የሚጠባው ግልገል ይሞታል። ያረገዙትም አይወልዱ። እኔ ሆዳቸውን አይቼ ቆጥሬ፣ ወሩ ደርሶ ግልገል አጣለሁ። ምን እንደሚሆን እንጃ፤ ብቻ ያን ጊዜ አይወልዱ» አለችኝ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ፈለግሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ተራሮች ጭላዳን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ አዲስ ወንድ መንጋውን ሲቆጣጠር ካረገዙት እንስቶች አብዛኞቹ ፅንሳቸውን እንደሚያቋርጡ «ሳይንስ» በሚባለው ታላቅ መጽሔት አሳትመዋል። በዱር ከሚኖሩ እንስሳት ላይ እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ሲረጋገጥ ትልቅ ዜና ነበር። እታለም ይህን ማማዋ ላይ ሆና፣ ያለ ደብተር፣ ያለ እርሳስ ደርሳበታለች። ፊደል ብትቆጥር ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም፤ ሆኖም አስባለሁ።

በዚያው ቀን ስለ ጉና አነሣንና አባታችን በልጅነታችን ጓሳው ውስጥ ያሳየን ቀይ ቀበሮ ትዝ አለን። ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን አቁሞ፣ እንደ ሐውልት ደርቆ ሲጠብቅ አይተነው ነበር። ፍልፈልና አይጥ እንጂ የሰው ገንዘብ ብዙም አይነካ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ ይገኝባቸዋል ተብለው በሚቆጠሩት ስድስት ሥፍራዎች ውስጥ ጉና የለበትም። በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ነው። ማንም ጉና ላይ ወጥቶ ቀይ ቀበሮን ላጥፋ ብሎ አልተነሣም። ገብሱ በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ላይ ወጣ፣ ከብቱ ተከተለ፣ ከከብቱ ውሻ ተከተለ፣ ከውሻው በሽታ ተከተለ። ጭላዳም ገብስ የለመደው ሣሩ ታርሶበት ነው። እኛ ወደ እሱ ወጣን፤ እሱ ወደ እኛ ወረደ።

ከእኛ የተሻለ ያደረጉ አሉ። መንዝ ውስጥ የጓሳ መሬት «ቄሮ» በሚባል በአካባቢው ሰው ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም በልኩ ሣሩን አጭዶ ቤቱን ይከድናል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶታል። እዚያ ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል አይጥ ሲያድን፣ ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ እንደሚሳካለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈዋል። እዚያ የሚጠቅመውን ነገር የሚጠብቀው ራሱ ተጠቃሚው ነው። ይህን ለእታለም ስነግራት አሰበችበትና፣ «ያ ሁሉ ሰው ሊያያቸው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሆነ፣ እኔ የማበላቸው ሴትዮ ነኝ እኮ። የአንድ ሰው የጥበቃ ቀን ቢከፍሉኝ ምናለ? ሰው ቀጥሬ እኔ ሌላ ሥራ እሠራ ነበር» አለችኝ። ስለ ካሳ ብዙ ወረቀት አንብቤያለሁ፤ ነገሩን በዚህች አጭር ቃል የጨረሰ ግን አላጋጠመኝም። ጭላዳ ለበላው ገብስ፣ ጅብ ለበላው አህያ ካሳ የተቀበለ ሰው እኛ ቀበሌ ውስጥ እስከ ዛሬ አላየሁም። የአክስቴ ልጅ አገር ሰው ከድብ ጋር ለመኖር የሚከፍለው የሚቆለፍ በርሜል ዋጋ ነው። እኛ የምንከፍለው ልጅ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ።

እታለም አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ከእሷ ጋር የተማማለችው አንድ ነገር ነው፦ ልጅቱ ማማ ላይ አትወጣም። ስለዚህ እናቲቱ አርባ ዓመቷን አልፋም መስከረም ሲጠባ ማማው ላይ ትወጣለች፤ ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ይህ ውል ዓመት ሳይጓደል ጸንቶ ቆየ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ እንኳ ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ እሷ ከሸሸችበት የጠየቀችኝ «ገብሱን ማን አየው?» ብላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ግን ውሉን አፈረሰው። በ2016 ዓ.ም. የልጅቱ ትምህርት ቤት አልተከፈተም። ጭላዳ ያላስቀራትን ልጅ የሰው ጠብ አስቀራት። መስከረም ላይ እናትና ልጅ አብረው ማማው ላይ ወጡ።

መንገዱ እንደልብ ስላልሆነ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ስልክ ሲሠራ ግን ይደውላሉ። ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ደውላ ድምፅዋ የሚስቅ መሰለኝ። «ዘንድሮ በማማ ላይ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?» አለችኝ። ከወዲያ ልጅቱ ስትስቅ ይሰማኛል። የልጅቱ ደብተር ባዶ ገጽ ተርፎት ኖሮ፣ ካቆምንበት ከ«ቀ» ቀጥለው ጀምረዋል። «በ»፣ «ተ»፣ «ቸ» አልፈዋል። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ያልመለስኩትን ዕዳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከፈለችልኝ።

«ገብሱስ?» አልኳት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

«ተወው፤ ትናንት ተራ ዘልዬ ‹ጨ›ን አሳዪኝ አልኳት። ጭላዳ ብዬ ልጽፍ እኮ ነው። አቀርቅሬ ስጽፍ፣ ሻለቃ ቤተሰቡን ይዞ የምሥራቁን ጥግ ጨረሰልኝ» አለችኝና ሳቀች።

ይህን ጽሑፍ የምታነብላት ልጇ ናት። «ጭላዳ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን ደብተሩን ለእናቷ እንድትሰጣት አደራ ብያታለሁ።